የዘር ሰብሳቢው ሊቅ፦ ኒኮላይ ቫቪሎቭና የኢትዮጵያ ተራሮች አዝርዕት

በ1919 ዓ.ም. የበጋ ወራት አንድ ሩሲያዊ ምሁር ጅቡቲ ወደብ ወርደው በምድር ባቡር ወደ አዲስ አበባ መጡ። የመጡበት ጉዳይ በዚያን ዘመን ወደ አገሪቱ ይመላለሱ ከነበሩት የውጭ አገር ሰዎች ጉዳይ የተለየ ነበር። ወርቅም ሆነ የዝሆን ጥርስ አልፈለጉም፤ የንግድ ውል ወይም የመሬት ይዞታም አልጠየቁም። የፈለጉት ከገበሬው ማሳ፣ አውድማና ጎተራ በእፍኝ በእፍኝ የሚለቀም የስንዴ፣ የገብስ፣ የጤፍና የተልባ ዘር ነበር። እኚህ ሰው ኒኮላይ ኢቫኖቪች ቫቪሎቭ ናቸው። የሰው ልጅ የሚመገባቸው ሰብሎች ከየት እንደተነሡና ልዩ ልዩ ዝርያዎቻቸው በየትኛው የዓለም ክፍል ተከማችተው እንደሚገኙ ለማወቅ ዕድሜያቸውን የሰጡት እኚህ ሊቅ፣ ኢትዮጵያን ከዓለም ዋና ዋና የአዝርዕት መገኛ ማዕከላት አንዷ አድርገው በሳይንሱ ካርታ ላይ ያሰፈሩ ናቸው። (ከኢትዮጵያ ውጭ የተፈጸሙ ድርጊቶች ዘመን ከዚህ በታች የተገለጸው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ቫቪሎቭ የተወለዱት በ1887 በሞስኮ ከተማ ነው። አባታቸው ከድሃ የገጠር ቤተሰብ ተነሥተው በጨርቃ ጨርቅ ንግድ የበለጸጉ ሰው ነበሩ። ልጆቻቸው ግን ከንግዱ ይልቅ ወደ ትምህርቱ አዘነበሉ። ታናሽ ወንድማቸው ሰርጌይ የታወቁ የፊዚክስ ሊቅ ሆነዋል፤ ኒኮላይ ደግሞ በሞስኮ የግብርና ኢንስቲትዩት ትምህርታቸውን በ1911 አጠናቀቁ። ቀጥሎም ወደ እንግሊዝ አገር ተጉዘው የዘር ውርስ ሳይንስን ካስፋፉት ቀደምት ሊቃውንት አንዱ በሆኑት በዊልያም ቤትሰን ዘንድ ተምረዋል። በዚያን ጊዜ ትኩረታቸውን የሳበው አንዱ የስንዴ ዝርያ በዋግ ሲመታ ሌላው ሳይነካ የሚያልፍበት ምክንያት ምንድን ነው የሚለው ጥያቄ ነበር። በሽታን የመቋቋም ባሕርይ ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፍ ከሆነ፣ ያንን ባሕርይ የያዘው ተክል የሚገኝበትን ስፍራ ማወቅ የግድ ይሆናል። ለቀሪ ዘመናቸው ከአገር አገር ያንከራተታቸው ጥያቄ ከዚህ የመነጨ ነው ለማለት ይቻላል።

የመጀመሪያውን ረጅም የአሰሳ ጉዞ በ1916 ወደ ፋርስና ወደ ፓሚር ተራሮች አደረጉ። በ1917 በቮልጋ ወንዝ ዳር በምትገኘው የሳራቶቭ ከተማ የዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሆኑ። በ1920 ደግሞ በዝምድና በሚቀራረቡ ተክሎች ላይ ተመሳሳይ የሆኑ የባሕርይ ልዩነቶች ተራ በተራ እንደሚታዩ የሚያስረዳ ሳይንሳዊ ሕግ ይፋ አደረጉ። ያ ወቅት በሩሲያ የጭንቅ ወቅት ነበር። በ1921 እና በ1922 የቮልጋን አካባቢ ያጠቃው ረሀብ በሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ሰዎችን ሕይወት ቀጥፏል። ቫቪሎቭ በ1921 ወደ ሰሜን አሜሪካ ተልከው ለአገራቸው የሚሆን ዘር ገዝተዋል። ረሀብን በመጽሐፍ ሳይሆን በዓይናቸው ያዩ ሰው መሆናቸውን ማስታወስ፣ በኋላ ለዘር ስብሰባ ያሳዩትን ጥድፊያ ለመረዳት ይጠቅማል።

በዚያው ዓመት በፔትሮግራድ፣ በኋላ ሌኒንግራድ በተባለችው ከተማ፣ የእጽዋት ምርምር ተቋምን እንዲመሩ ተሾሙ። ከዚህ ቦታ ሆነው ያዳበሩት ሐሳብ በአጭሩ የሚከተለው ነው። አንድ ሰብል ለረጅም ዘመን ሲታረስ በኖረበት አገር እጅግ ብዙ ዓይነት ሆኖ ይገኛል፤ ከዚያ እየራቀ በሄደ መጠን ዓይነቱ እየቀነሰ ይመጣል። ስለዚህ ልዩ ልዩ ዝርያዎች በብዛት ተከማችተው የሚገኙበትን ስፍራ በካርታ ላይ ምልክት ማድረግ የሰብሉን መነሻ ለመፈለግ ያስችላል። ካርታው ሲሠራ የታየው ነገር ብዙዎችን አስገረመ። ማዕከላቱ በአብዛኛው ሰፋፊ ሜዳዎችና ታላላቅ የወንዝ ሸለቆዎች ሳይሆኑ ተራራማ አገሮች ሆነው ተገኙ። ተራራ የአየር ንብረትን በአጭር ርቀት ይለዋውጣል፤ ሸለቆው መንደርን ከመንደር ይለያል፤ አፈሩ፣ ዝናቡና ውርጩም በየዳገቱ ይለያያል። ገበሬው ለእያንዳንዱ ሁኔታ የሚስማማውን ዘር እየመረጠ ሲያቆይ ከዘመን ብዛት የዝርያ ሀብት ይጠራቀማል። ይህንን ሐሳብ የያዘው መጽሐፋቸው በ1926 ታትሞ የሌኒን ሽልማት አስገኝቶላቸዋል።

ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋና ውርጭ ተብሎ በተከፋፈለ አገር ለተወለደ አንባቢ ይህ ሐሳብ እንግዳ አይደለም። ቫቪሎቭም ወደ ኢትዮጵያ የመጡት ይህንኑ በዓይናቸው ለማየት ነበር። አዲስ አበባ እንደደረሱ በወቅቱ አልጋ ወራሽ በነበሩት በራስ ተፈሪ መኮንን ፊት ቀርበው የጉዞ ፈቃድ አገኙ። አልጋ ወራሹ ምሁሩን በአክብሮት ተቀብለው ስለ ሩሲያና በዚያ ስለተካሄደው አብዮት እንደጠየቋቸው ቫቪሎቭ በጉዞ ማስታወሻቸው ጽፈዋል። በሁለቱ አገሮች መካከል በዚያን ጊዜ የዲፕሎማሲ ግንኙነት ያልነበረ መሆኑ ሲታሰብ፣ ፈቃዱ መሰጠቱ ቀላል ነገር አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ያለው ጉዞ የበቅሎ ጉዞ ነበር። መኪና የሚሄድበት መንገድ ከዋና ከተማይቱ ብዙም ሳይርቅ ስለሚያበቃ፣ ምሁሩ አሽከሮችና አጋሰሶች አሰናድተው ወደ ሰሜን አመሩ። ከጎበኟቸው ስፍራዎች መካከል አንኮበር፣ ጎንደርና አክሱም ይገኙባቸዋል። የጉዟቸው ፍጻሜም በጣሊያን ቅኝ ግዛት ሥር የነበረችው አስመራ ነበረች። በየመንገዱ ከማሳ ዛላ ይቆርጣሉ፤ በየገበያው እየተዘዋወሩ ከየነጋዴው ቁና ጥቂት ጥቂት ዘር ይገዛሉ፤ የተገኘበትን ስፍራና ሁኔታ ጽፈው በየከረጢቱ ያኖራሉ። ቀን ሲጓዙ ውለው ሌሊቱን ማስታወሻ ሲጽፉ የሚያመሹት ምሁር፣ በቀን አራት ወይም አምስት ሰዓት ብቻ እንደሚተኙ አብረዋቸው የሠሩ ሁሉ የሚያወሱት ነው።

በኢትዮጵያ ያዩት ነገር ከጠበቁት በላይ ሆነባቸው። በአንድ ማሳ ውስጥ ነጩ፣ ቀዩና ወደ ሐምራዊ የሚያደላው ጥቁር ስንዴ ተቀላቅለው በቅለዋል። ጤፍ የተባለው ደቃቅ እህል በሌላው ዓለም ፈጽሞ የማይታወቅ የዕለት እንጀራ ሆኖ ተገኘ። ተልባ በአውሮፓ ከግንዱ ክር ለማውጣት ሲዘራ፣ እዚህ ግን ቁመቱ አጭር ሆኖ ለፍሬው ብቻ ይዘራል። ኑግ፣ ዳጉሳ፣ እንሰት፣ ቡና፣ ሽንብራ፣ ምስር፣ ሱፍና ጉሎ በየፈርጃቸው ተመዘገቡ። ከሁሉ ይበልጥ ያስደነቃቸው በዛላው ላይ ጢም የሌለው የዱረም ስንዴ መገኘቱ ነበር፤ ጢም አልባነት በሌላው የስንዴ ወገን እንደሚታይ ሁሉ በዱረምም ሊኖር እንደሚገባ ከስድስት ዓመት በፊት ባወጡት ሕግ አስቀድመው ገምተው ነበርና። በስንዴ ዓይነት ብዛት ኢትዮጵያን ከዓለም ግንባር ቀደም አድርገው ያሰፈሯትም ከዚህ ጉዞ በኋላ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መታረም ይኖርበታል። ቫቪሎቭ የዝርያን ብዛት ከትውልድ ስፍራ ጋር አጥብቀው ያያይዙ ስለነበር፣ የዱረም ስንዴንና የገብስን መነሻ ከኢትዮጵያ ጋር አገናኝተውት ነበር። ኋላ በአርኪዮሎጂና በዘረ መል ጥናት እንደተረጋገጠው ስንዴና ገብስ መጀመሪያ የለመዱት በመካከለኛው ምሥራቅ ነው። ጤፍ፣ ኑግና እንሰት ግን የዚሁ ምድር ልጆች ናቸው፤ የአረቢካ ቡናም የዘር ሐረጉ ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደን ይነሣል። የስንዴውና የገብሱ ጉዳይ በአንድ ፊቱ ሲታይ ለኢትዮጵያ ገበሬ የሚሰጠውን ክብር ከፍ ያደርገዋል እንጂ አይቀንሰውም። ከውጭ የገባን እህል ተቀብሎ በሺህ ዓመታት ውስጥ በየተራራው ልዩ ልዩ አድርጎ ያራባው እርሱ ነውና። በትግራይና በኤርትራ ገበሬው ስንዴና ገብስ ቀላቅሎ ሐንፈጽ ብሎ የሚዘራው፣ አንዱ በድርቅ ቢመታ ሌላው እንዲተርፍለት አስቦ ነው። የማሽላ እራስ እየመረጠች ከምድጃዋ በላይ በጢስ ላይ የምትሰቅለው የገጠር እናትም የምትሠራው ሥራ ከዘር ምርምር ሥራ የሚለይበት ነገር ቢኖር መዝገብ የሌለው መሆኑ ነው።

ቫቪሎቭ ከኢትዮጵያ ከተመለሱ በኋላም አላረፉም። ቀደም ሲል በ1924 አፍጋኒስታንን ዞረው ነበር። በ1929 ወደ ምዕራብ ቻይና፣ ጃፓንና ኮሪያ፣ ቀጥሎም ወደ ሜክሲኮና መካከለኛው አሜሪካ፣ በ1932 እና በ1933 ደግሞ ወደ ደቡብ አሜሪካ ተጉዘዋል። በእርሳቸው መሪነት በሌኒንግራድ የተከማቸው የዘር ናሙና በ1940 ወደ 250 ሺህ ይጠጋ ነበር። በዘመኑ ከዚህ የሚስተካከል ስብስብ በዓለም ላይ አልነበረም። በ1929 የአገሪቱ የግብርና ሳይንስ አካዳሚ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆኑ።

ችግሩ የመጣው ከጊዜ ጋር ተያይዞ ነው። የሶቪየት መንግሥት ገበሬውን በኅብረት እርሻ ካሰባሰበ በኋላ የምርት ማሽቆልቆል ደረሰ፤ በ1932 እና በ1933 እንደገና ከባድ ረሀብ ገባ። የመንግሥት መሪዎች ፈጣን ውጤት ፈለጉ። አንድ አዲስ የስንዴ ዝርያ አዳቅሎ፣ መርጦና አረጋግጦ ለገበሬ ለማድረስ ከ10 እስከ 12 ዓመት ይፈጅ ነበር፤ በ1931 የወጣው ውሳኔ ግን ሥራው በ4 ዓመት እንዲያልቅ አዘዘ። ቫቪሎቭ ይህ እንደማይሆን አስረዱ። በዚህ መካከል ትሮፊም ሊሴንኮ የተባሉ የግብርና ባለሙያ ከዚያም ባጠረ ጊዜ ዝርያ አወጣለሁ ብለው ቀረቡ። ሊሴንኮ የዘረ መልን ሳይንስ አይቀበሉም፤ ተክልን በቅዝቃዜና በመሳሰለው አያያዝ ብቻ ባሕርይውን መለወጥ ይቻላል የሚል አቋም ነበራቸው። ቫቪሎቭ መጀመሪያ ላይ የሊሴንኮን ሥራ በበጎ ዓይን ተመልክተው እንዳበረታቱ አይካድም። ነገሩ ከሳይንስ ክርክርነት አልፎ የሥልጣን ጉዳይ ሲሆን ግን ወደ ኋላ አላሉም። ለበላይ አካል የሚያስደስተውን ሳይሆን በሙከራ የተረጋገጠውን ማቅረብ ምን ያህል ዋጋ እንደሚያስከፍል ያወቁት ያን ጊዜ ነው። በ1935 ከአካዳሚው ፕሬዚዳንትነት ተነሡ፤ ከሦስት ዓመት በኋላ ቦታውን ሊሴንኮ ያዙት። በ1939 በኤደንበራ የተካሄደው ዓለም አቀፍ የዘር ውርስ ሳይንስ ጉባኤ ቫቪሎቭን ፕሬዚዳንቱ አድርጎ ቢመርጥም ከአገር ለመውጣት አልተፈቀደላቸውም።

ነሐሴ 1940 በምዕራብ ዩክሬን ተራሮች አካባቢ ዘር በመሰብሰብ ላይ ሳሉ ተያዙ። በሰላይነትና ግብርናን ሆን ብሎ በማሰናከል ተከሰው ለወራት ከተመረመሩ በኋላ ሐምሌ 1941 ሞት ተፈረደባቸው። ፍርዱ በ1942 ወደ 20 ዓመት እስራት ተለወጠላቸው። ይሁን እንጂ ታስረው የነበሩት በወጣትነታቸው በፕሮፌሰርነት ባስተማሩባት በሳራቶቭ እስር ቤት ነበር፤ እዚያም ጥር 1943 በረሀብ ተጎሳቁለው አረፉ። ዕድሜያቸው 55 ነበር። የምስርን ዝርያዎች በማጥናት የታወቁት ባለቤታቸው የሌና ባሩሊና ከልጃቸው ጋር በዚያችው ከተማ ይኖሩ ነበር፤ ባላቸው በቅርብ ርቀት መታሰራቸውን ባለማወቃቸው ስንቅ ይልኩ የነበረው ወደ ሞስኮ ነው። የሕዝብን ረሀብ ለማስቀረት ዓለምን የዞሩ ሰው በረሀብ የመሞታቸው ነገር ብዙ ተብሎለታል፤ ከዚህ በላይ መጨመር አያስፈልግም።

በዚያው ጊዜ በሌኒንግራድ የሆነው ግን ሊዘረዘር ይገባዋል። ከመስከረም 1941 ጀምሮ ከተማይቱ በጀርመን ጦር ተከብባ ወደ 900 ለሚጠጉ ቀናት ቆይታለች። በቅዱስ ይስሐቅ አደባባይ ባለው የተቋሙ ሕንፃ ውስጥ ሩዝ፣ ስንዴ፣ በቆሎ፣ ባቄላና ኦቾሎኒ በቶን ተከማችቶ ነበር። መሪያቸው ታስረዋል፤ በሕይወት ይኑሩ አይኑሩ የሚያውቅ ሠራተኛ የለም። መብራትና ማሞቂያ ተቋርጧል፤ የዕለት ራሽን ወደ ጥቂት ግራም ዳቦ ወርዷል። ሠራተኞቹ ተራ ገብተው ስብስቡን ከአይጥ፣ ከእርጥበትና ከሌባ ጠበቁ፤ ከፊሉንም ከከተማይቱ ለማሸሽ ቻሉ። ማንም ብቻውን ከዘሩ ጋር እንዳይቀር ሥርዓት አወጡ። የኦቾሎኒ ናሙናዎች ኃላፊ የነበሩት አሌክሳንደር ሽቹኪን በሥራ ገበታቸው ላይ ሳሉ አረፉ። የሩዙን ስብስብ የሚጠብቁት ዲሚትሪ ኢቫኖቭ በሺህ የሚቆጠሩ የሩዝ ከረጢቶች በተደረደሩበት ክፍል ውስጥ ሆነው በረሀብ ሞቱ። ሌሎችም እንዲሁ ሞተዋል። ከዚያ እህል አልበሉም። እነዚህ ሰዎች በታሪክ መጽሐፍ ስማቸው የማይጠራ የመንግሥት ሠራተኞች ነበሩ፤ ሥራቸውም ከረጢት መቁጠርና መለያ ቁጥር መጻፍ ነበር። ከኢትዮጵያ ገበያዎች የተገዛው ስንዴና ገብስም ከተጠበቁት ናሙናዎች አንዱ ነው።

የቫቪሎቭ ስም የተመለሰው በ1955 ነው። የአገሪቱ ፍርድ ቤት ክሱን ሰረዘ፤ ተቋሙም በኋላ በስማቸው ተሰየመ። ሊሴንኮ ግን እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ ድረስ ተሰሚነታቸው ስላልቀረ፣ የዘረ መል ሳይንስ በአገሪቱ ለረጅም ጊዜ ተዳክሞ ቆይቷል። ወንድማቸው ሰርጌይ በ1945 የሳይንስ አካዳሚው ፕሬዚዳንት ሆነው መሾማቸውም ከዚያ ዘመን እንቆቅልሾች አንዱ ነው።

ቫቪሎቭ ስለ ኢትዮጵያ የተናገሩት ነገር እውነትነት በሥራ የታየው ከሞቱ በኋላ ነው። በ1950ዎቹ የካሊፎርኒያን ገብስ የሚያቀጭጭ የቫይረስ በሽታን የሚቋቋም ዘረ መል ከኢትዮጵያ በተወሰደ ገብስ ውስጥ ተገኘ። በ1973 በአሜሪካ የሚገኙ ተመራማሪዎች ላይሲን በተባለው ገንቢ ንጥረ ነገር የበለጸገ ማሽላ ከወሎ በመጡ ናሙናዎች ውስጥ ማግኘታቸውን አስታወቁ። የወሎ ገበሬ ግን ያንን ዓይነት ማሽላ ወተት በጉንጬ ብሎ ከሰየመው ቆይቷል። ጥቅሙ ወደ ውጭ ሲሄድ ገበሬው ምን እንደሚያገኝ የሚጠይቅ ሕግ ግን በዚያን ጊዜ አልነበረም። የጄኔቲክ ሀብት አጠቃቀምንና የማኅበረሰብ ዕውቀትን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 482 የወጣው በ1998 ዓ.ም. ነው።

በአገር ውስጥ የእጽዋት ዘረ መል ማዕከል የተቋቋመው በ1968 ዓ.ም. ሲሆን፣ በኋላ ስሙና ኃላፊነቱ እየሰፋ የኢትዮጵያ ብዝሀ ሕይወት ኢንስቲትዩት ሆኗል። አሠራሩ ቫቪሎቭ ከተከተሉት ብዙም የራቀ አይደለም። ናሙናው ከማን አካባቢ፣ ከስንት ሜትር ከፍታ፣ በምን ስም እንደተሰበሰበ ይመዘገባል፤ ይደርቃል፤ አየር በማያስገባ ከረጢት ታሽጎ ከዜሮ በታች በሆነ ቅዝቃዜ ይቀመጣል። ቡና ግን እንዲህ ያለውን ድርቀትና ቅዝቃዜ ስለማይችል በጅማ ዞን በጮጬ በቁም ተክልነት እንዲጠበቅ ተደርጓል። እንሰትም የሚጠበቀው በማሳ ላይ ነው።

ሆኖም ከዘር ባንኩ ውጭ ያለው ይበልጥ ያሳስባል። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ብዙ ገበሬ ለዘር ያስቀመጠውን ለመብላት ተገዷል፤ የተመረጠ ዘር በገፍ ሲሠራጭም ነባሩ ዱረም ስንዴ ከማሳው ወጥቷል። ማዕከሉን ከ1971 እስከ 1985 ዓ.ም. የመሩት ዶክተር መላኩ ወረደ ለዚህ የሰጡት መልስ ነባሩን ዝርያ በገበሬው ማሳ ላይ እንደገና ማስለመድና ከዚያው ውስጥ የተሻለ ምርት የሚሰጠውን ከገበሬው ጋር ሆኖ መምረጥ ነበር። ለሥራቸውም በ1989 አማራጭ ኖቤል በመባል የሚታወቀውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብለዋል። በምሥራቅ ሸዋ በጨፌ ዶንሳና በእጀሬ የማኅበረሰብ የዘር ባንኮች የተቋቋሙት በዚሁ መንገድ ነው። ገበሬው በዘር ወቅት የሚበደረውን ነባር ዱረም ስንዴ ከመከር በኋላ ጥቂት ጨምሮ ይመልሳል።

ቫቪሎቭ በ1919 ዓ.ም. የሰበሰቧቸው ናሙናዎችም በሴንት ፒተርስበርግ በየጊዜው እየተዘሩና እየታደሱ፣ በጥንቱ የመዝገብ ቁጥራቸው በዚያው በቅዱስ ይስሐቅ አደባባይ ባለው ሕንፃ ተቀምጠዋል።